ሮቶው ውስጥ የገባው መጋረጃ

«የልጄን መጋረጃ! የልጄን የመኝታ ቤት መጋረጃ እየቀረጸ! ኧረ ጎረቤት፣ ያየ የሰማ የለም ወይ?»

የወይዘሮ ዓለሚቱ ጩኸት የቆርቆሮውን አጥር አልፎ ሲደርሰኝ፣ የአንድ ሚኒባስ የጎማ ከመነዳሪ ግማሽ በርሜል ውሃ ውስጥ ደፍቄ አረፋ በየት በኩል እንደሚወጣ እያየሁ ነበር። ጎሚስታ ነኝ፤ አረፋው በወጣበት ቦታ ቀዳዳው አለ። ሱቄ ላፍቶ ውስጥ፣ ከእሳቸው ግቢ አጥር ጋር ተለጥፋ ነው ያለችው። ጎማውን ለሾፌሩ አስታቀፍኩና በጠቆረ እጄ ሮጥኩ። በእኛ ሰፈር ለጠብ የተጠራ ሰው እጁን አይታጠብም፤ እስኪታጠብ ጠቡ ሊያልቅበት ይችላላ!

ስደርስ ወይዘሮ ዓለሚቱ አንድ እጃቸውን ወገባቸው ላይ ጭነው፣ በሌላው የተከራያቸውን የኤልያቄምን ላፕቶፕ እንደ ሌባ ማጅራት ጨምድደው ይዘውታል። ኤልያቄም ከትልቁ የውሃ ሮቶ ሥር በርጩማ ላይ ነው። መቆም ይሻለው መቀመጥ ጨንቆት ግማሽ ብድግ እንዳለ ቀርቷል።

«ና ከቤ፣ ና እየው! ይሄ የማን መጋረጃ ነው? ዓይን አለህ አይደል?»

ዓይን ስላለኝ አየሁ። ስክሪኑ ላይ ነጭ መረብ ቀስ እያለ ይወዛወዛል። ጠርዙ ላይ ትንንሽ ቀይ አበባ ተጠልፎበታል። መንገደኛው ሁሉ የሚያውቀው የልጃቸው የውዳሴ መጋረጃ ነው።

«እትዬ፣ ካሜራው እኮ ወደ መስኮት አልዞረም» አለ ኤልያቄም፣ ድምፁ እንደተነፈሰ ጎማ እያነሰ። «ውሃ ውስጥ ነው ያለው።»

«መጋረጃ ውሃ ውስጥ ምን ያደርጋል? ሊዋኝ?»

ልጁ በጣቱ ወደ ላይ አመለከተ። ሁላችንም ቀና ብለን ሮቶውን አየን። ክዳኑ ተከፍቷል። ከውስጡ ቀጭን ቢጫ ገመድ ወጥቶ ወደ ላፕቶፑ ይወርዳል። ከዚያ ሳንነጋገር፣ ሦስታችንም አንድ ላይ ወደ ውዳሴ መስኮት ዞርን። መስኮቱ ራቁቱን ነው።

ለካ ወይዘሮ ዓለሚቱ በመጋረጃው አልተሳሳቱም። የተሳሳቱት በመስኮቱ ነው።

«እኔ ነኝ የሰጠሁት፣ እማዬ።»

ውዳሴ የልብስ ስፌት ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ በረንዳው ላይ ቆማለች። «መለማመጃ መረብ አጥቶ ነው። ከመስኮቱ ያወረድኩትም፣ መሀሉን የቀደድኩትም እኔ ነኝ።»

ይህን ያለችው ለእናቷ ነው፤ ያየችው ግን እሱን ነው። እሱም አያት። እኔ አማከለችን ካገባሁ የቆየሁ ሰው ነኝ፤ እንዲህ ያለ አስተያየት ከተቀበልኩም እንደዚያው ቆይቻለሁ። ቢሆንም ሳየው አይጠፋኝም። ጎማ የፈነዳበት ደንበኛ እንኳ ሳይናገር ከዓይኑ ይታወቀኛል።

ወይዘሮ ዓለሚቱ ላፕቶፑን ቀስ ብለው በርጩማው ላይ አስቀመጡት።

«ጨዋ ሰው የሰው ልጅ ከፈለገ ሽማግሌ ይልካል፤ መጋረጃ አይነክርም» አሉ። «ያውም ሥራ ይዞ!»

ይህን ያሉት ሊያሳፍሩት ነበር። እሱ ግን ፊቱ ቀስ እያለ ሲበራ አየሁ። ስድቡን እንደ ፈቃድ ሰምቶታል! ሳቄን ለመዋጥ ወደ ወይዘሮ ዓለሚቱ ዞርኩ። እኔ ቁጣ እጠብቅ ነበር። ፊታቸው ላይ የነበረው ግን ፍርሃት ነው።

*

በዚህ ሳምንት ከእኛ ጋር የተቀላቀላችሁ ግራ እንዳይገባችሁ፣ ሰዎቹን በቅጡ ላስተዋውቃችሁ።

ወይዘሮ ዓለሚቱ ወደ ሀና ማርያም በሚወስደው መንገድ ላይ የመጋረጃ ሱቅ አላቸው። ባላቸው የከባድ መኪና ሾፌር ነበሩ፤ አንድ ጊዜ ጭነት ይዘው እንደወጡ መንገድ ላይ ቀሩ። ውዳሴ አንድ ልጃቸው ናት፤ እሳቸው ይሸጣሉ፣ እሷ ትሰፋለች። ኤልያቄም ደግሞ ጓሮ ያለችውን ሰርቪስ ቤት ተከራይቶ የሚኖር፣ ሐይቅ ዳር የተወለደ የደቡብ ልጅ ነው። ዩኒቨርሲቲ ጨርሷል። ቀን ቀን ሞባይል ይጠግናል፤ በተረፈው ጊዜ «አምባዛ» ብሎ ስም ያወጣለትን ሮቦት ይገጣጥማል።

አምባዛ ከድፎ ዳቦ ብዙም አይበልጥም። ቢጫ ነው። ፊቱ ላይ ካሜራና መብራት፣ ጎኑ ላይ የሚሽከረከሩ ትንንሽ መቅዘፊያዎች፣ ከአፉ ሥር እንደ ሸርጣን የሚጨብጥ እጅ አለው። አሁን በየሐይቁ ዓሣ እንደ ዶሮ ይረባል አሉ። ተንሳፋፊ ቀለበት ላይ ትልቅ መረብ ያንጠለጥሉና፣ ዓሣውን በዚያ የመረብ በረት ውስጥ እየቀለቡ ያሳድጉታል። ታዲያ መረቡ አንድ ቦታ ከተቀደደ ልፋቱ ሁሉ ወደ ሐይቁ ይበተናል። አምባዛ ጠልቆ ቀዳዳውን ይፈልጋል፤ ሲያገኘውም ቁራጭ መረብ ደርቦ በመቆንጠጫ ይይዘዋል። እኔ ከስምንተኛ ክፍል ያለፈ ትምህርት የለኝም፤ የገባኝን ያህል ነው። የእኔ ድርሻ አምባዛን በርሜሌ ውስጥ ደፍቆ አረፋ አለመውጣቱን ማየት ነበር። በወጣ ጊዜም ማስቲሽ አለኝ።

ይህን ሥራ እስካሁን የሚሠራው ጠላቂ ሰው ነው። የኤልያቄም ታላቅ ወንድም ማኑሄ ከነዚያ ጠላቂዎች አንዱ ነበር። አንድ ቀን የተቀደደ መረብ ሊሰፋ ወረደ፤ መረቡ እግሩን ያዘው፤ አልወጣም። ኤልያቄም ይህን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የነገረኝ፣ አምባዛን ከበርሜሌ ሲያወጣ። «ጋሼ» አለኝ፣ «እሱን ላወጣው አልችልም። ሌላ ሰው እንዳይገባ ግን ልከለክል እችል ይሆናል።» ከዚያ በኋላ ለማስቲሼ ሒሳብ ጠይቄው አላውቅም።

ልጁ ቤተ ክርስቲያኑ ጴንጤ ነው፤ ወይዘሮ ዓለሚቱ የብስራተ ገብርኤልን ክብረ በዓል በእግራቸው ሄደው የሚያነግሡ ናቸው። በመጀመሪያው ዓመት በሑዳዴ መሀል የተጠበሰ ዓሣ ይዞላቸው ገባ። «ዓሣ እኮ ሥጋ አይደለም እትዬ» ቢላቸው «አንተ ጋ አይሆን ይሆናል» ብለው ሳህኑን መልሰው አስታቀፉት። እንግዲህ ልጃቸውን እንዳይሰጡት ሃይማኖቱ አንድ ምክንያት፣ ሰርቪስ ቤቱ ሁለት። ሦስተኛውን ምክንያት ያን ጊዜ አላወቅነውም ነበር።

*

ስድቡ ፈቃድ ሆኖ ቀረ። ኤልያቄም እኔንና ኦቦ ሂርጳን በሽምግልና ላከን። ኦቦ ሂርጳ ወደ ፉሪ በኩል የሚኖሩ፣ ስንት ጋብቻ ያስማሙ አዛውንት ናቸው። ወይዘሮ ዓለሚቱም ጎረቤት ፊት በአፋቸው ያሉትን መብላት አቅቷቸው «እሑድ ከቅዳሴ መልስ ኑ» አሉ።

በዚያው ሰሞን ደግሞ የዓሣ እርባታው ባለቤቶች ኤልያቄምን ጠሩት። አምባዛን በሐይቁ ላይ ያሳያል፤ ከወደዱት ሥራ ይሰጡታል። ቀጠሮው ቅዳሜ ነበር። ሐሙስ ደውለው ወደ እሑድ ገፉት። ሽማግሌ እናዘግይ ብንል ወይዘሮ ዓለሚቱ ሐሳባቸውን ይቀይራሉ፤ ሐይቁን ያዘግዩ ብንል እኛ ማን ነን? ለነገሩ ልጁ በሽማግሌው ቀን ቤት አይገኝም፤ ደንቡም ይኸው ነው። «ጥሩ ምልክት ነው» አልኩት። እኔ ምልክት መቼ አውቄ!

ከመሄዱ በፊት፣ ጀንበር ስታዘቀዝቅ፣ ሁለቱ ሮቶው ሥር ቆመው ነበር። እኔ ከቆርቆሮው ወዲህ ዕቃ እየሰበሰብኩ ነው። አዳመጠ እንዳትሉኝ፤ ቆርቆሮው ራሱ ነው የሚያወራው።

«ጥልፉን ቀይ ያደረግሁት በስክሪኑ እንድታየው ነው» ትላለች ውዳሴ። የመጋረጃዋን ቁራጮች ጠርዝ ጠርዛቸውን በቀይ ክር አጠንክራ፣ ለአምባዛ መጣፊያ አድርጋ ሰጥታዋለች። «የእጅጌህንም ቀዳዳ በዚያው ክር ሰፍቼዋለሁ። ሌላ ክር አልነበረኝም።»

«ሌላ ክር አልነበረሽም?»

«ነበረኝ።»

 እኔም የጎማ መፍቻውን እንዳይንኳኳ አቅፌው ቆምኩ።

«ውሃው ውስጥ አትገባም» አለች።

«አልገባም።»

«አምባዛ ቢያዝስ?»

«ይቅራ። ይቀራል።»

«ማልልኝ።»

«እኛ አንምልም፣ ውዴ። ታውቂያለሽ።»

«እናቴ ደግሞ ያልማለ ሰው አታምንም።»

«አንቺስ?»

መልስ እስክትሰጥ አንድ ሚኒባስ ዳገቱን እየጮኸ ወጥቶ ጨረሰ።

«እኔ ማመን ከጀመርኩ ቆየሁ» አለች። «የምፈራው ማመኔን ነው። ለማያምን ሰው ምን ይቀርበታል? ስትሄድ በሩን ዘግቶ ይተኛል። እኔ ግን እዚህ ሆኜ ውሃውን ነው የማየው። እጄ አይደርስ፣ ድምፄ አይሰማ…»

«ስክሪኑን አሳይሻለሁ። ስልኬን ላፕቶፑ ፊት አቆመዋለሁ፤ አምባዛ የሚያየውን ሁሉ ታያለሽ። አብረሽኝ ነሽ ማለት ነው።»

«ማየት አብሮ መሆን ነው?»

  ቤት ስገባ አማከለች «አንተ ሰውዬ፣ ምን ሆነህ ነው ፊትህ?» አለችኝ። ምንም አልኳት። ደረቴ ውስጥ ግን የሆነ ነገር ቀስ ብሎ እየተነፈሰ ነበር፤ ቀዳዳውን አላገኘሁትም።

*

እሑድ ጠዋት ኦቦ ሂርጳ ነጭ ጋቢ፣ እኔ የሠርጌን ኮት ለብሰን ገባን። ሦስተኛው ሽማግሌ ከኤልያቄም ቤተ ክርስቲያን ሊመጡ ነበር፤ «አምልኮው እንዳበቃ እደርሳለሁ» ብለው፣ መዝሙሩ ረዝሞባቸው መሰለኝ፣ አልደረሱም።

ወይዘሮ ዓለሚቱ የነጠላቸውን ጥለት አሳምረው ተቀበሉን። ጠረጴዛው ላይ ለስላሳና ቆሎ ተደርድሯል። ውዳሴ እንደ ደንቡ ጓዳ ናት።

«እንዴት አደራችሁ። ተቀመጡ እንጂ።»

«አንቀመጥም» አሉ ኦቦ ሂርጳ። «የመጣንበትን ነገር ይሁን ሳትይን ወንበርሽ ላይ አናርፍም፣ ለስላሳሽንም አንቀምስም።»

«ታዲያ ቆማችሁ ትውላላችኋ!»

«እንውላለን» አሉ ኦቦ ሂርጳ ረጋ ብለው። የእሳቸው ጉልበት ቢጠነክርም የእኔ አዲሱ ጫማ ሲቆነጥጠኝ ታወቀኝ።

ኦቦ ሂርጳ ነገሩን አነሱ። ልጁ ጨዋ ነው፤ ከማንም ደጅ አይታይም፤ አይጠጣም፣ አያጨስም። ወይዘሮ ዓለሚቱ «መዝሙሩስ?» አሉ። ኦቦ ሂርጳ «ድምፁ ጥሩ ነው» ብለው አለፉት። ወይዘሮዋ ሊስቁ ምንም አልቀራቸው። እኔም በልቤ፣ ይሄ ነገር ሊሆን ነው እኮ፣ አልኩ።

በዚህ መሀል ከጓዳ የስልክ ድምፅ ይሰማናል። የጀልባ ሞተር፤ የሰው ወሬ፤ የኤልያቄም ድምፅ «ውዴ፣ ይታይሻል?» ሲል፤ እሷ በሹክሹክታ «ይታየኛል» ስትል። ወይዘሮ ዓለሚቱ እንዳልሰማ ሰው ቆሎውን ያስተካክላሉ።

«አገኘው!» አለች ድንገት ውዳሴ። ራሷን ረስታ በሩን ገፋ አድርጋ ብቅ አለች። «ጋሽ ከቤ፣ ቀዳዳውን አገኘው!»

ደንቡ ፈረሰ። እኔ እንኳን ደንብ ጫማዬንም ረስቼ ስልኩ ላይ አፈጠጥኩ። አረንጓዴ ውሃ። ቡና ዓይነት አተላ የለበሰ መረብ። እንደ እኛ ሮቶ የጠራ አይደለም፤ መረቡም እንደ መጋረጃ ስስ አይደለም፤ ማዕበሉ ይወስደዋል ይመልሰዋል። መረቡ ላይ ሰው የሚያሳልፍ ቀዳዳ አለ። ከሥር የአምባዛ እጅ ወጣ፤ የጨበጠው ነጭ ነገር ቀይ ጠርዝ አለው። አንዱን ጥግ ያዘ። ሁለተኛውን። ደግሞ ሳተው። ደግሞ ያዘው። ቀዩ አበባ በዚያ ጭቃማ ውሃ መሀል ቁጭ አለ።

«መጋረጃዬ» አሉ ወይዘሮ ዓለሚቱ፣ ከትከሻዬ በላይ። መቼ እንደመጡ አላወቅኩም። ድምፃቸው ላይ ቁጣ አልነበረም። ውዳሴ እናቷን አየቻቸው፤ በሕይወቴ የተስፋን ፊት በቅርብ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ከዚያ ስክሪኑ ተንቀጠቀጠ።

አምባዛ ሊመለስ ዞሮ ነበር። ማዕበሉ መረቡን አጥፎ ወሰደበት፤ ገመዱ እጥፋቱ ውስጥ ገባ፤ ቢጎትቱት ጠበቀ። ሮቶ ውስጥ ማዕበል የለም። ስንት ጊዜ ስንለማመድ አንዳችንም ይህን አላሰብነውም፤ ውሃ ሁሉ ዝም ብሎ የሚቆም መስሎን!

በስልኩ የኤልያቄም ድምፅ ተሰማ። «ተወው! ጆኒ፣ ተወው፣ ይቅር! አትግባ!»

ውሃው ሲንቦጫረቅ ሰማን። ጥቂት ቆይቶ ከስክሪኑ አናት በኩል አንድ እጅ ወረደ። ጥቁር የጎማ ልብስ የለበሰ ነው፤ የእርባታው ጠላቂ፣ ጆኒ የተባለው። ገመዱን ሊፈታ ያዘ። ታገለ። ከዚያ እጁ ገመዱን ለቆ ወደ ራሱ እግር ሄደ። እዚያው ቀረ። መረቡ ሲንቀጠቀጥ አየን።

«ኤልያቄም አይደለም» አለች ውዳሴ፣ ለራሷ። «ጥቁር ነው የለበሰው። እሱ አይደለም። እሱ ጀልባው ላይ ነው። ቃል ሰጥቶኛል።»

«ጆኒ!» አለ ያ ድምፅ፣ ከስልኩ አጠገብ፣ በኃይል። ደግሞም «ማኑሄ!» አለ። ስሙ ያመለጠው ይመስለኛል።

ሁለተኛ ጊዜ ውሃው ተንቦጫረቀ።

ውዳሴ አልጮኸችም። ብትጮህ በተሻለን ነበር። አንድ ሌላ እጅ ወረደ፤ ባለመስመር ሸሚዝ የለበሰ፤ እጅጌው ክርኑ ላይ በቀይ ክር ተሰፍቷል። ቢላ ይዟል። የአምባዛ መብራት ፊቱ ላይ አንድ ጊዜ በራ፤ አፉ ተዘግቷል፣ ዓይኑ ተከፍቷል፣ በቀጥታ እኛን የሚያይ ይመስላል። ውዳሴ በጣቷ ስክሪኑን ነካችው።

ከዚያ አረፋ ሆነ። ነጭ አረፋ ብቻ። ጥቁር ሆነ። ጥሪው ተቋረጠ።

*

ጎሚስታ ነኝ ብያችኋለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ውሃ ውስጥ አረፋ ስፈልግ የኖርኩ ሰው ነኝ። አረፋ ማለት እስትንፋስ እየወጣ ነው ማለት እንደሆነ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

ደወልን። «የደወሉላቸው ደንበኛ አሁን ሊገኙ አይችሉም።» ደገምን። ያቺ የስልክ ውስጥ ሴት በዚያው በረጋ ድምፅዋ ያንኑ አለችን። ልጁ ያለበት ሐይቅ በመኪና ስንት መንገድ ነው? ብነሣ የት እደርሳለሁ? ለማን እጮሃለሁ? ኮቴን አወለቅሁ፤ መልሼ ለበስኩት። እጄ የሚሠራው አጣ። ኦቦ ሂርጳ በኦሮምኛ ለፈጣሪያቸው ለዋቃ የሆነ ነገር ያንሾካሽካሉ። ወንበሩ ከኋላቸው ባዶውን ነው። «ይቀመጡ እንጂ» ብላቸው «አልተባልንም» አሉኝ።

ውዳሴ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች፤ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ፣ እንደ ወፍ ጫጩት። «እዚሁ ነበረ» ትላለች። «እጄ ላይ ነበረ እኮ።»

ወይዘሮ ዓለሚቱ ምን ያደረጉ መሰላችሁ?  የጥለታቸው ነገር ሳያሳስባቸው ወለሉ ላይ ልጃቸው አጠገብ ቁጭ አሉ። ራሷን ወደ ደረታቸው አስጠጉ።

«ሕፃን ነበርሽ» አሉ። «አባትሽ የቀረ ጊዜ የግቢውን በር አልዘጋም ነበር። መጥቶ ቢያንኳኳና ባልሰማውስ እያልኩ። ነገሩ ተነግሮኝ፣ ለቅሶ ተቀምጬ፣ ሰው ተበትኖ… በሩን አልዘጋም ነበር። የመኪና ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ልቤ አስፋልቱ ድረስ ይሄድና ይመለሳል። እንደሱ እንዳትሆኚ ነው። ጴንጤ ስለሆነ አይደለም። ሰርቪስ ቤት ስለሚኖር አይደለም። ያቺ ሰርቪስ ቤት እኮ እኔና አባትሽ የጀመርንባት ናት።»

ሦስተኛው ምክንያት ይኸው ነበር።

«ለምን አልነገርሽኝም፣ እማዬ?»

«ብነግርሽ ትተዪው ነበር?»

 እናትዬው ራሷን ሳሙት። «ገብርኤል» አሉ ቀስ ብለው፣ «ከእሳት ያወጣህ አንተ፣ ውሃስ ያቅትሃል?» ውዳሴም ዓይኗን ጨፍና፣ ኤልያቄም ሮቶው ሥር ሲሠራ የሚያንጎራጉራትን መዝሙር ያለ ቃል ታዜም ጀመር። ሌላ ጊዜ ቢሆን ወይዘሮ ዓለሚቱ ቤት ይህ ዜማ ጣሪያ ያስነሣ ነበር። እሳቸው ግን በዜማው ልክ ልጃቸውን ቀስ ብለው ያወዛውዟት ነበር። እኔ ወደ ግድግዳው ዞርኩ። ሽማግሌ ተብሎ ተልኮ ማልቀስ ነውር ነው።

*

የማናውቀው ቁጥር ሲደውል ለስላሳዎቹ ሞቀው ነበር። ውዳሴ ስልኩን አየችው እንጂ ማንሣት አቃታት።  ወይዘሮ ዓለሚቱ ወሰዱትና አነሡት፤ ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፈቱት።

«ሄሎ? ማነህ? ተናገር!»

መጀመሪያ ሳል ሰማን። ረጅም፣ ውሃ ውሃ የሚል ሳል። በዓለም ላይ ካሉ ሳሎች ሁሉ ያማረው ያ ነው።

«እትዬ…» አለ። «ኤልያቄም ነኝ። ጆኒ ወጥቷል። ደኅና ነው። እኔም… ጀልባው ላይ ነኝ፤ የሰው ስልክ ነው።»

ውዳሴ ፊቷን በእናቷ ነጠላ ውስጥ ቀበረች። ትከሻዋ ብቻ ነው የሚታየኝ።

«እግሩን ለማስለቀቅ ገመዱን ቆረጥኩት» አለ ኤልያቄም። «አምባዛ ወደ ታች ቀረ። ጥልቅ ነው፤ አይገኝም። ሰዎቹም… ‹እንደዋወላለን› ብለውኛል። ያው እትዬ፣ ሥራውም ቀረ ማለት ነው። ‹ሥራ ይዞ› ብለውኝ ነበር። አልያዝኩም።»

ወይዘሮ ዓለሚቱ ስልኩን ወደ ልጃቸው አስጠጉት።

«ውዳሴ አለች?»

«አለች። ትሰማሃለች።»

«ውዴ፣ ቃሌን አላከበርኩም። አልገባም ብዬሽ ገባሁ። የምልሽ የለኝም።» ደግሞ ሳለ። ከኋላው ነፋሱና ማዕበሉ ይሰማል። «መጣፊያሽ ግን ይዟል። ከላይ ሆኖ አይታይም እንጂ እዚያው ነው ያለው። አንድ ዓሣ አላሳለፈም…»

መስመሩ ተቆረጠ።

 ውዳሴ ከነጠላው ውስጥ ቀና አለች። ዓይኗ አብጦ፣ ፀጉሯ ፊቷ ላይ ተለጥፎ፣ እናቷን ታያለች። ልጁ አሁን ምን አለው? ሮቦቱ ሐይቅ ውስጥ፣ ሥራው ነፋስ ውስጥ፣ የሰጠው ቃል ፈርሶ፣ ያለው ሀብት ሁሉ አንድ በቀይ ክር የተሰፋ እጅጌ።  ለልጁ ያዘጋጀሁት ምስጋና ሁሉ ከአምባዛ ጋር ሰጥሟል።

ኦቦ ሂርጳ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከገቡ ጀምሮ የተደገፉት ነገር የለም፤ ከዘራቸውን እንኳ በራፍ ላይ ነው የተዉት።

«ዓለሚቱ ልጄ» አሉ፣ «ቀኑ ሄደ። እኛም ሽማግሌ ነን፣ እግራችንም ሽማግሌ ነው። አንድ ነገር በይን። እንቀመጥ ወይስ እንሂድ?»

ወይዘሮ ዓለሚቱ ከወለሉ ተነሥተው ነጠላቸውን አራገፉ። ወደ መስኮቱ ሄዱ፤ ያ መጋረጃ የሌለው መስኮት። ጓሮውን ለረጅም ጊዜ አዩት፤ ሰርቪስ ቤቷን፣ በርጩማውን፣ ትልቁን ሮቶ።

«ሮቶውን ክፍቱን ትቶት ነው የሄደው» አሉ፣ ሳይዞሩ። «የከፈተው ራሱ መጥቶ ይክደነው በሉት። እናንተም ተቀመጡ።»